የቅሬው መዝገብና የኳሱ ሒሳብ

«የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚለውን ተረት ማን እንደ ጀመረው አይታወቅም። የጀመረው ሰው ቀልደኛም ይሁን ተስፋ የቆረጠ፣ በአንድ ነገር ግን አልተሳሳተም፤ ባለቤቱ ያልታወቀ ገንዘብ ጠባቂ እንደማይኖረው በሚገባ ተመልክቷል። እኛም ዛሬ ስለ እግር ኳስ ክለቦች ገንዘብ አያያዝ ጥቂት ለመጻፍ ብዕራችንን ስናነሣ አስቀድሞ ትዝ ያለን ይኸው ተረት ነው። አንባቢ ሆይ፤ ስለ ኳስ አጨዋወት ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ ብዙ ሰው አለና እርሱን ለባለሙያዎቹ እንተዋለን። የእኛ ሙያ የሒሳብ መዝገብ ስለሆነ የምንናገረውም ስለ መዝገቡ ነው።

ደሴን የሚያውቅ ሰው ሆጤን ያውቃል። በልጅነታችን ከትምህርት ቤት እንደ ተለቀቅን ደብተራችንን በጉያችን ይዘን የምንሮጠው ወደዚያ ሜዳ ነበር። የጦሳ ብርድ ከላይ እየወረደ ጆሯችንን ሲቆነጥጠን፣ እኛ ግን በላብ ተጠምቀን ጨለማ እስኪለየን ድረስ ኳሷን እናሳድዳለን። የኮምቦልቻ ልጆች ለውድድር በመጡ ጊዜ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት በጭነት መኪና ላይ እየዘፈኑ ይወጡ ነበር። እኛም በተራችን ያንኑ 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ቁልቁል ወርደን፣ በቦርከና ዳር ካለው ሙቀት ውስጥ ስንገባ ሹራባችንን እያወለቅን እንጫወታለን። የተሸነፈ ይቀለድበታል፤ ያሸነፈም ለተሸናፊው ሻይ ይጋብዛል። ኳሷን የምንገዛው ሳንቲም አዋጥተን ነበርና ከመካከላችን አንዱን ገንዘብ ያዥ አድርገን መርጠን ነበር። ኳሷ ፈንድታ ሌላ መግዛት ባስፈለገን ቀን ያ ልጅ በሜዳው መካከል ቆሞ ያለውን ሳንቲም እየቆጠረ ያሳየናል። አምስት ሳንቲም ብትጎድል እንኳ ወደ ቤቱ አይገባም ነበር።

አባቶቻችንም ኳስን የጀመሩት በደመወዝ አልነበረም። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲመሠረት የወጣቶቹ ሀብት ፍቅራቸው ብቻ ነበር። በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ውድድር አምስት ቡድኖች ተሰለፉ። እነርሱም ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ልዑክ ቡድን ነበሩ። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የቅዱስ ጊዮርጊስን ማልያ ለረጅም ዘመን የለበሱ፣ በኋላም ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት የመሩ ሰው ናቸው። አገራችን በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ በአዲስ አበባ ስታዲዮም ስታነሣ ቡድኑን ያሠለጠኑትም እርሳቸው ነበሩ።

ይህንን ስንል ያ ዘመን ይመለስ፣ ተጫዋችም በነጻ ይሩጥ ማለታችን አይደለም። ጉልበቱንና ወጣትነቱን የሚሰጥ ሰው በሙያው ሊኖር መብቱ ነው። ጭንቀታችን ሌላ ነው፤ ይኸውም ደመወዙ ወደ ኳሱ ሲገባ ያ በሜዳ መካከል ቆሞ ሳንቲም የሚቆጥረው ልጅ ከኳሱ መውጣቱ ነው።

ነገሩን እናብራራ። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ1990 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ከፍ ባለው ደረጃ የሚጫወቱት አብዛኞቹ ክለቦች የከተማ አስተዳደር ወይም የመንግሥት ተቋም ናቸው። ከስታዲዮም በር የሚሰበሰበው ገንዘብ ጥቂት ስለሆነ ወጪያቸውን የሚሸፍነው የሕዝብ በጀት ነው። በየዓመቱ ክረምት ላይ የዝውውሩ ገበያ ሲከፈት ክለቡ አሠልጣኝ ይቀጥራል፤ አሠልጣኙም ሃያ ያህል ተጫዋች አስፈርሙልኝ ይላል። ውሉ ብዙ ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ደመወዙም «የተጣራ» ተብሎ ሲዋዋሉ ግብሩን ክለቡ ይሸከማል። በዚህ ላይ የሆቴልና የመኪና ወጪ፣ የቀን አበልና የማበረታቻ ጉርሻ ይጨመራል። መስከረም ላይ የሞላው ካዝና መጋቢት ላይ ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ የተጨማሪ በጀት ማመልከቻ ይጻፋል፤ ደመወዙ ይቋረጣል፤ ተጫዋቹም ልምምድ አልሠራም ይላል። ነገሩ ወደ ፌዴሬሽኑ በክስ ከደረሰ በኋላ ክለቡ በግድ ይከፍላል። በሚቀጥለው ክረምት ደግሞ ሌላ አሠልጣኝና ሌሎች ሃያ ተጫዋቾች ይመጣሉ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው ይህ ነው።

የዋንጫ ክብርም ከዚህ አያድንም። ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊግ በገባበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ፤ በሚቀጥለውም ዓመት የግብፁን አል አህሊ በሜዳው 1 ለ 0 እስከ ማሸነፍ ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ ግን የተጫዋቾቹ ደመወዝ አለመከፈል በየጊዜው የሚሰማ ወሬ ሆነና በ2014 ዓ.ም. ከሊጉ ወረደ። በ2005 ዓ.ም. ሻምፒዮን የነበረው ደደቢትም በ2011 ዓ.ም. ወርዷል። ከእኛ በስተ ሰሜን ያለችው ጎረቤታችን ወልድያ በ2009 ዓ.ም. በሼኽ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስጦታ የተሠራ፣ ለአገር ኩራት የሚሆን ስታዲዮም አስመረቀች። ነገር ግን ክለቧ በ2010 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ፤ ስታዲዮሙም እንዳማረበት ቆመ። ከዚህ የምንማረው፣ ሕንጻ በስጦታ ሊገኝ ቢችልም ክለብ ግን በስጦታ ብቻ የማይኖር መሆኑን ነው።

አሁን ወደ ራሳችን በደል እንመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተወለድንበት ከተማ ርቀን በመንግሥት ሥራ ተመድበን ሳለን፣ ከመደበኛው ሥራችን በተጨማሪ የአንድ እግር ኳስ ክለብ ሒሳብ እንድንይዝ ታዘዝን። የክለቡን ስም አናነሣም፤ ጥፋቱ የእኛም ስለሆነ ስም መጥራት ከጥፋቱ የምናመልጥበት መንገድ እንዳይመስልብን ነው። ክረምት ላይ የተጫዋቾቹ ውል ተዘጋጅቶ ሲቀርብልን እርሳሳችንን አንሥተን ደመርን። ገንዘቡ የሚበቃው ለሰባት ወር ብቻ ነበር። ወረቀቱን ይዘን ወደ ኮሚቴው ገባንና ይህንኑ አስረዳን። ከተቀመጡት ሰዎች አንዱ ፈገግ ብሎ፣ «በጀት ይታከላል፤ ከተማው ቡድኑን አይጥልም» አለን። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኛም የደመርንበትን ወረቀት አጥፈን በኪሳችን ከተትንና ፈረምን።

ሚያዝያ ሲገባ ደመወዙ ከቆመ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ከተጫዋቾቹ መካከል ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ጸጥተኛ ተከላካይ ሰኞ ሰኞ ወደ ቢሯችን ብቅ እያለ፣ «ጋሼ፣ ዛሬም አልገባም?» ይለናል። እኛም «በዚህ ሳምንት ይገባል» እንለዋለን። በዚህ ሁኔታ ስድስት ሰኞ አለፈ። በሰባተኛው ሰኞ የመጣው ግን ስለ ደመወዙ ሊጠይቅ አልነበረም። ቆብ በእጁ እያሻሸ፣ «ጋሼ፣ አከራዬ ሥራ ያለኝ ሰው መሆኔን ማመን አቃታቸው፤ እባክዎ አንድ ወረቀት ይጻፉልኝ» አለን። ጻፍንለት። «የክለባችን ተጫዋች መሆኑንና ያልተከፈለው ደመወዙ በቅርብ ቀን የሚከፈለው መሆኑን እናረጋግጣለን» የሚል ደብዳቤ ነበር። ፈርመን ማኅተም አደረግንበት። በቅርብ ቀን እንደማይከፈለው እያወቅን ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ የሚተዳደሩ አንዲት አሮጊት ያንን ደብዳቤ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። ልጁ ሌሊት በአውቶቡስ ሄዷል፤ የሦስት ወር የቤት ኪራይ ይቀርባቸዋል። ወረቀቱን በጠረጴዛችን ላይ ዘርግተው፣ «ልጄ፣ ማንበብ አልችልም፤ ይህን ማኅተም አይቼ ነው ያመንሁት፤ የማን ማኅተም ነው?» አሉን። ምን እንመልስ? ዕዳውን ከራሳችን ኪስ ከፈልን ብንል መልካም ተረት ይሆን ነበር፤ እውነቱ ግን የከፈልነው ግማሹን ብቻ መሆኑ ነው። እርሳቸው መርቀውን ሄዱ፤ እኛ ግን ከምርቃቱ ይልቅ ጥያቄያቸው ከእኛ ጋር ቀረ።

በዚያው ክረምት ለዕረፍት ወደ ደሴ ተመለስን። በወሎ ዕድርን ቅሬ እንለዋለን። የሰፈራችን ቅሬ ክርስቲያኑንም እስላሙንም በአንድ መዝገብ የጻፈ፣ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክልና ወጥ የሚሠራ፣ ሐዘንተኛውንም የሚያስተዛዝን ነው። እናታችንን ወደ እሑድ ስብሰባ ስናደርስ እግረ መንገዳችንን ከኋላ ተቀመጥን። ጸሐፊው የዕቃውን ዝርዝር ማንበብ ጀመረ። ድንኳን አንድ፤ አግዳሚ ወንበር ይህን ያህል፤ ሰሐን ይህን ያህል። ድስት ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ አለ። በመዝገቡ የተጻፈው ድስት 12 ሲሆን በግምጃ ቤት የተገኘው 11 ነበር።

አንባቢ ሆይ፤ ያ ስብሰባ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀ። ባለፉት ሦስት ለቅሶዎች ድስቱን ማን እንዳወጣና ማን እንደ መለሰ አንድ በአንድ ተጠየቀ። በመጨረሻ ድስቱ በአንድ ሐዘንተኛ ቤት ጓዳ ተረስቶ መቅረቱ ታወቀ፤ ሳይቆጥር የተረከበው ሰውም ተቀጣ። እኛም ትዕግሥት አጥተን በአጠገባችን ለነበሩት የቅሬው ዳኛ፣ «ሐጂ፣ ለአንድ ድስት ይህን ያህል ጊዜ ማጥፋት ምን ይጠቅማል?» አልናቸው። አዛውንቱ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ድስቱ ምንም አይደለም፤ ዛሬ ለድስቱ ዝም ካልን ግን ነገ ድንኳኑ ይሄዳል» አሉን።

እኛ ስንሠራበት የነበረው ክለብ ዓመታዊ ሪፖርት የጸደቀው ከዚህ ስብሰባ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ነበር። ያነበብነው እኛው ነን። በሚሊዮን የሚቆጠር ብር ገቢና ወጪ በሩብ ሰዓት ተነብቦ፣ ጠያቂ ሳይኖር በጭብጨባ አለፈ፤ ከዚያም ሻይ ቀረበ። በአዳራሹ የነበሩት ሰዎች በየሰፈራቸው ስለ ድስት ለሁለት ሰዓት የሚከራከሩ ሰዎች ናቸው። ልዩነቱ የሰዎቹ ጠባይ አይደለም። ድስቱ የራሳቸው መሆኑን ያውቃሉ፤ ነገ እናታቸው ብትሞት ወጥ የሚሠራበት ያ ድስት ነውና። የክለቡ ገንዘብ ግን የማን እንደሆነ ማንም ነግሯቸው አያውቅም።

ደንብ አልወጣም እንዳይባል ብዙ ደንብ ወጥቷል። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ ለፌዴሬሽኑ የሚቀርብ አንድ ውል፣ በጓዳ የሚፈረም ሌላ ውል እየተባለ ይወራ ጀመር። በ2013 ዓ.ም. ሊጉን የሚመራው አክሲዮን ማኅበር ጨዋታዎቹን በቴሌቪዥን ለማስተላለፍ ለአምስት ዓመት 68 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል የተባለ ውል ሲዋዋል፣ ክለቦቹ ከበጀት ጥገኝነት የሚላቀቁበት በር ተከፈተ ብለን ተደስተን ነበር። የገባው ገንዘብ ግን የተጫዋቹን ዋጋ ከፍ ለማድረግ ካልሆነ በቀር ከሕዝብ ካዝና መጠበቅን አላስቀረም። ከዚያም በ2017 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የአንድን ተጫዋች ደመወዝ ሳይሆን የክለቡን ጠቅላላ ክፍያ የሚወስን መመሪያ ሥራ ላይ ዋለ፤ በተላለፉትም ላይ ቅጣት ተወሰነ። ይህ ከቀደመው የተሻለ ደንብ ነው። ሆኖም ከላይ የወረደ ደንብ ከታች የሚጠብቀው ሰው ካላገኘ፣ አጥር ሳይኖረው በር ብቻ እንዳለው ግቢ ይሆናል።

ሀብታሞቹ አገሮችም ቢሆኑ ይህንን ትምህርት በነጻ አላገኙትም። እኛ የ50 ሺህ ብሩን ጣሪያ በወሰንንበት በዚያው ነሐሴ ወር፣ በእንግሊዝ አገር በሪ የሚባለው ክለብ ከሊጉ ተባረረ። ክለቡ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 የተመሠረተ፣ በ1900 እና በ1903 የአገሪቱን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ያነሣ፣ በሊጉ ውስጥ 125 ዓመት የኖረ ነበር። በዚያው ዓመት በሜዳ አሸንፎ ወደ ላይኛው ምድብ አድጎ ሳለ፣ የተጫዋቾቹን ደመወዝ መክፈልና ዕዳውን የሚሸፍንበትን ገንዘብ ማሳየት ስላልቻለ ጠፋ። እንግሊዞችም በዚህና ይህን በመሰለው ጥፋት ተመክረው በ2025 የክለቦችን ገንዘብ አያያዝ የሚቆጣጠር ነጻ መሥሪያ ቤት በሕግ አቋቋሙ። የአውሮፓው ማኅበርም በውድድሮቹ የሚካፈሉ ክለቦች ለተጫዋቾችና ለአሠልጣኞች ደመወዝ፣ ለዝውውርና ለወኪል የሚያወጡት ከገቢያቸው ከ70 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። ጀርመኖች ደግሞ ጥቂቶች ካልሆኑ በቀር በክለቦቻቸው ውስጥ የሚበልጠው ድምፅ የአባላቱ እንዲሆን ደንግገዋል። በዚህኛው ደንብ ውስጥ የቅሬያችንን መልክ እናያለን።

ምናልባት «ለኳስ ይህን ያህል መጨነቅ ምንድን ነው? ገንዘቡ ለውኃና ለሐኪም ቤት ይሁን» የሚል ይኖራል። የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ይህንን ቢል አይፈረድበትም። በጥቅምት መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ጦርነት ወደ ሁለቱ ከተሞች ገብቶ፣ በኅዳር መጨረሻ ሲወጣ የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ፣ የኮምቦልቻም ፋብሪካዎች ተጎድተው ነበር። ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ከተማ ከካዝናው ለኳስ ብር ቆርጦ ሲሰጥ፣ ያ ብር መድኃኒት ሊሆን ይችል የነበረ መሆኑን መርሳት አይገባም። ነገር ግን ያ ክፉ ጊዜ ካለፈ በኋላ ልጆች እንደገና በሜዳ ላይ ኳስ ሲያሳድዱ ባየን ጊዜ ከተማው ነፍስ መዝራቱን ያወቅነው በእነርሱ ጫጫታ ነበር። ስለዚህ ኳሱ ይቅር አንልም። የምንለው፣ መድኃኒት ሊሆን ይችል የነበረው ብር እንደ መድኃኒት ተመጥኖ ይሰጥ ነው።

ደሴ ከተማና ወሎ ኮምቦልቻ በከፍተኛ ሊግ የተጫወቱ፣ የወጣቶቻችንን ስሜት የተሸከሙ ስሞች ናቸው። ይህንን የምንጽፈው እነርሱን ለመክሰስ ሳይሆን፣ በየትም ያለ ክለብ ከቅሬ እንዲማር ለመምከር ነው። በመጀመሪያ፣ የዓመቱ ገንዘብ በባንክ መኖሩ ሳይረጋገጥ አንድም ውል አይፈረም። ሁለተኛ፣ በየሦስት ወሩ ገቢና ወጪው በስታዲዮሙ በር ላይ ይለጠፍ፤ ደጋፊውም ትንሽም ቢሆን መዋጮ እያዋጣ በመዝገብ የተጻፈ አባል ይሁን፤ ያዋጣ ሰው ይጠይቃልና። ሦስተኛ፣ የተጫዋች ደመወዝ ከሆቴልና ከጉርሻ በፊት ይከፈል። አራተኛ፣ ከበጀት በላይ እያወቀ የሚፈርም ሰው ድስቱን ሳይቆጥር እንደ ተረከበው ሰው በግሉ ይጠየቅ። ይህ ደንብ በጊዜው ቢኖር ኖሮ ከተቀጪዎቹ የመጀመሪያዎቹ እኛ እንሆን ነበር።

ያንን የደመርንበትን ወረቀት እስከ ዛሬ አልጣልነውም፤ ከአሮጌ ደብተራችን ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። ድምሩ ትክክል ነበር። በዚያ ቀን ግን ያስፈለገው ትክክለኛ ድምር ብቻ ሳይሆን፣ በኮሚቴው ፊት ቆሞ «አልፈርምም» የሚል ሰው ነበር። የሒሳብ ሠራተኛ ለሆናችሁ፣ ነገም ለምትሆኑ ተማሪዎች ይህንን እናሳስባለን፤ በእጃችሁ ያለው ማኅተም ማንበብ የማይችሉ ሰዎች አይተው የሚያምኑት ስለሆነ ከማተማችሁ በፊት ቁጠሩ።